የተዘጋው ሳጥንና የጠጋኙ እጅ፦ ከሁርሶ ሐዲድ እስከ ግራፊክስ ካርድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬውን ርዕስ የተመለከተ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ መምህርን ከግራፊክስ ካርድ ጋር ምን አገናኘው?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በማስቀደም እጀምራለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በሁርሶና በአካባቢው የሚኖሩ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ትዝታ በድምፅ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። አንዳንዶቹ በአማርኛ፣ አንዳንዶቹ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዳንዶቹ በሶማልኛ ይተርካሉ። ብዙዎቹ ደግሞ፣ የድሬዳዋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አዋሕደው ጥቂት የሥራ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጉበታል። የተቀረጸው ድምፅ 40 ሰዓት ያህል ነው። አንዱን ሰዓት በእጅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጅብኛል፤ አንዳንዴም ሁለት።

በዚህ መካከል ከተራኪዎቼ አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጥገና ሥራ ያሳለፉ አዛውንት፣ የገዛ ቃላቸውን በወረቀት ላይ ሳያዩ አረፉ። ጽሑፉን ይዤላቸው እንደምመጣ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሌላም ቃል አለብኝ። ከተራኪዎቹ ብዙዎቹ ስለ ጦርነት ዘመን፣ ስለ እስርና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ስለተናገሩ፣ ድምፃቸው ያለ ፈቃዳቸው ከእጄ እንደማይወጣ አረጋግጬላቸዋለሁ። ስለዚህ ቅጂውን በበይነ መረብ ወደ ባሕር ማዶ ልኮ ማሽን እንዲጽፈው ማድረግ አይቻለኝም። ሥራው እዚሁ፣ በራሴ ጠረጴዛ ላይ፣ በራሴ ማሽን መሠራት ነበረበት። ወደ ግራፊክስ ካርድ የወሰደኝ መንገድ ይህ ነው።

በአንድ ነገር እንግባባ፦ የአገራችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እጠቅሳለሁ።

ሀ. ብረት ይለካል

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መሥመር እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ግንባታው ከጅቡቲ ተነሣ። በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ሐረር ለማድረስ ነበር። ይሁንና ተራራውን መውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ በመሆኑ መሥመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ በጊዜው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ዛሬ የተሰበሰብንባት ድሬዳዋ እርሷ ናት። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካ፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሲወጣ በሁርሶ በኩል ያልፋል። ሁርሶን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው፤ የእኔ ተራኪዎች ግን የሚያውቋት በፊሽካው ነው።

የባቡሩ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው ስለ ውል፣ ስለ ባለአክሲዮን፣ ስለ ፈረንሳይና ስለ እንግሊዝ ፉክክር ይተረካል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ሆኖም በዚህ ትረካ ውስጥ የማይታይ ሦስተኛ ወገን አለ። ማሽኑን የሠራው አለ፤ ማሽኑን የገዛው አለ፤ ማሽኑ እንዲታዘዝ የሚያደርገው ደግሞ አለ። የድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ የዚህ የሦስተኛው ወገን ቤት ነበር። ማሽኖቹ ከአውሮፓ መጡ፤ መመሪያዎቹ በፈረንሳይኛ ተጻፉ፤ መለዋወጫው በመርከብ ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ግን ነገ ጠዋት መነሣት አለበት።

ተራኪዎቼ ይህን እንዴት እንደተወጡት ሲያስረዱኝ ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። የተሰበረው ዕቃ ይነቀላል፣ ይጸዳል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ልኩ በኖራ ወለሉ ላይ ይሣላል፤ ከዚያም ቶርኖ ላይ አምሳያው ይወጣለታል። የፈረንሳይኛውን መመሪያ ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ ብረቱን ማንበብ ይችል ነበር። ይህን ስል የጥገኝነቱን መጠን ላሳንስ አይደለም፤ ኩባንያው የውጭ ነበር፣ ከፍተኛው ሥልጣንም በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። ነገር ግን ብረት አንድ ባሕርይ አለው፤ ልኩን መደበቅ አይችልም። በእጅህ ላይ ያለ ብረት፣ መመሪያ ባይኖረውም፣ ራሱ መመሪያ ነው።

ለ. ቺፕ አይለካም

አሁን ወደ ሌላው ማሽን እንለፍ። «ጌሚንግ ላፕቶፕ» የምንለው ለጨዋታ የተሠራ ኮምፒዩተር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሁለት የግራፊክስ ክፍሎች አሉት። አንዱ ከዋናው ማቀነባበሪያ ጋር የተዋሃደ ነው፤ ኃይል ይቆጥባል፣ ለደብዳቤና ለፊልም ይበቃል። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ካርድ ነው፤ የራሱ ማኅደረ ትውስታና የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ስሌቶችን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ብርቱ ክፍል ነው።

ይህ የጨዋታ ዕቃ ወደ ምርምር ቤት እንዴት ገባ? ምስል መሣል ማለት አንድ ዓይነት ስሌትን ለእያንዳንዱ ነጥብ መድገም ማለት ነው። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኩዳ የሚባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ተመራማሪዎች ያንኑ ድግግሞሽ ለሳይንስ ስሌት በቀላሉ መጠቀም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክስኔት የተባለውና ምስል በመለየት ተወዳዳሪዎቹን በሰፊው የበለጠው ሥርዓት የሠለጠነው እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት በነበራቸው ሁለት የጨዋታ ካርዶች ላይ ነበር። ሥልጠናው የፈጀው አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ሁሉ የዚህ ካርድ ዘመድ ሆኗል። በታይዋን ገበያችን ያገለገለ የጌሚንግ ላፕቶፕ የሚያገላብጥ ወጣት የሚያየው የጨዋታ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አነስተኛ የምርምር ቤት ጭምር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በዚህ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጫን ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት አውጆ ነበር። ስቶልማንን ወደዚህ ከገፉት ነገሮች አንዱ ቀላል የጥገና ችግር ነበር። በሥራ ቦታው የነበረ አታሚ ወረቀት ይነክሳል፤ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ እንዲናገር ማድረግ ፈለገ፤ ምንጭ ኮዱን ግን ማግኘት አልቻለም። ኮዱ የነበረው ሌላ ተመራማሪ ምስጢር ለመጠበቅ ስለፈረመ አልሰጥም አለው። የነፃ ሶፍትዌር ታሪክ እንግዲህ ከጠጋኝ ቁጭት ጀምሯል ብንል አንሳሳትም።

ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት እያንዳንዱን ዕቃ የሚያናግረው ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ አማካይነት ነው። አስተርጓሚውን ለመጻፍ የካርዱን ቋንቋ ማወቅ ግድ ይላል። ኢንቴል የራሱን ድራይቨር በግልጽ ኮድ ያጽፍ ነበር፤ ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለማውጣት ተነሣ። ኤንቪዲያ ግን ለሊኑክስ የሚሠራ ድራይቨር ቢሰጥም ዋናው ክፍሉ የታሸገ ነበር፤ ትጭነዋለህ እንጂ አታነበውም።

በዚህ ጊዜ ኑቮ የሚባለው ፕሮጀክት ተነሣ። ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው፤ የድሬዳዋ አረጋውያን ትርጉሙን ሳይጠይቁ ያውቁታል። የኑቮ ሰዎች ያደረጉት የወርክሾፑን ሥራ ነው። ሰነድ ስላልነበራቸው የታሸገው ድራይቨር ወደ ካርዱ የሚጽፈውንና ከካርዱ የሚያነበውን ቁጥር ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠሩ። አንዱን ነገር ይለውጣሉ፣ መዝገቡን ያያሉ፣ የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ ያስተያያሉ። ካሊፐሩ ይህ ነበር። ከዓመታት ልፋት በኋላ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በወጣው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ።

በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ የተባለውን አሠራር አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር በብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ ብርቱው ካርድ ከስክሪኑ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ምስሉን ሠርቶ ለተዋሃደው ግራፊክስ ያስረክባል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። ሥራ ሲጠፋ ብርቱው ይተኛል፣ ባትሪም ይቆጠባል። በዊንዶውስ ላይ ይህ በራሱ ይከናወን ነበር። በሊኑክስ ላይ ግን ሁለቱን የሚያስማማ አልነበረም፤ ካርዱ ወይ ነቅቶ ባትሪ ይበላል፣ ወይ ተኝቶ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጎ ፈቃደኞች ባምብልቢ የሚባል መላ አበጁ። ከዚህ ፕሮጀክት ታሪክ አንድ አስተማሪ ነገር ልጥቀስ። በአንድ ወቅት በጫኚው ፕሮግራም ውስጥ በስሕተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ «ይህን ንዑስ ማኅደር ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ «ዋናውን የፕሮግራሞች ማኅደር ሰርዝ» ወደሚል ለወጠችው። የግዕዝ ጸሐፊዎቻችን አንዲት ነጥብ ትርጉም እንደምትገለብጥ ያውቁ ነበር፤ ይኸው በኮድም ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ በተገኘበት መድረክ ላይ ከአድማጮች መካከል እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ገዝቶ የተቸገረ ሰው ስለ ኤንቪዲያ ጠየቀ። ቶርቫልድስ ኩባንያው በሥራ ዘመኑ ካጋጠሙት ሁሉ የከፋው መሆኑን ተናግሮ፣ ወደ ካሜራው ዞሮ በዚህ አዳራሽ የማልደግመውን ቃልና የማላሳየውን የጣት ምልክት ጨመረ። ዓለም ያስታወሰው ስድቡን ነው። እኔ እንደ ታሪክ ሰው የማስታውሰው ግን ጠያቂውን ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ ለምን እንደማይታዘዘው መጠየቁን።

ሐ. አሥር ሴኮንድ

ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልመለስ። የወንድሜ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያገለገለ የጌሚንግ ላፕቶፕ አመጣልኝ። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ጥፋት በአብዛኛው የእኔ ነውና። ሊኑክስ ጫንኩበት፤ የንግግር መለያውን ፕሮግራም አስነሣሁ፤ አንድ ሰዓት ቅጂ ሰጠሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት አልጨረሰም። ካርዱ በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ተጽፎ ይታያል፤ ሥራ ላይ ግን የለም። የሚሠራው ዋናው ማቀነባበሪያ ብቻ ነበር።

የታሸገውን ድራይቨር ለመጫን ተነሣሁ። መጀመሪያ ያጣሁት የከርነሉን ራስጌ ፋይሎች ነው። ድራይቨሩ ከማሽኑ ከርነል ጋር የሚገጥም ሞጁል በቦታው የሚሠራበት ሒደት ስላለው፣ ከተጫነው የከርነል ቁጥር ጋር አንድ የሆኑ ፋይሎች ያስፈልጉታል። እኔ ያወረድኩት የሌላ ቁጥር ነበር፤ የ1 ሜትር ጎማ በሌላ ስፋት ሐዲድ ላይ እንደማስቀመጥ። ያን አስተካክዬ ድጋሚ ጫንኩ። መጫኑ በሰላም ተጠናቀቀ፤ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ካርዱ አሁንም ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ ጫንኩ። ካርዱ ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ወደ መቁረጥ ደረስኩ።

ከሁርሶ የመጣች አንዲት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪያችን በምሳ ሰዓት ጉዳዩን ሰማች። አልነቀለችም፣ አልጫነችም። በመጀመሪያ ያደረገችው የከርነሉን መዝገብ ከፍታ ማንበብ ነበር። ከብዙ መሥመሮች መካከል አንዱን በጣቷ አሳየችኝ፤ ሞጁሉ የቀረበበት ቁልፍ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚናገር መሥመር ነው። «ዶክተር፣ ካርዱ አልተበላሸም፤ አልተፈቀደለትም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አላቸው። ማሽኑ ሲነሣ የሚጭነው ፕሮግራም የታወቀ ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ይመረምራል፤ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከሥር እንዳይገባ ነው። የሊኑክስ ከርነልም በዚህ ሥርዓት ሲነሣ ፊርማው የማይታወቅ ሞጁል አይቀበልም። የእኔ ድራይቨር በእኔው ማሽን ላይ የተሠራ ስለሆነ የፈረመበትን ቁልፍ ማንም አያውቀውም። መፍትሔውም ተዘጋጅቷል፤ «የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ» ይሉታል። ቁልፉ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይፈጠራል፣ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ ማሽኑ ሲጠፋና ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ በዚያ ገጽ ላይ ባለቤቱ በእጁ ቁልፉን ያስመዘግባል። ገጹ የሚጠብቀው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ ሲነሣ እኔ ቡና ለማምጣት ሄጄ ነበር። (ሳቅ)

ለአራተኛ ጊዜ ማሽኑን ስናስነሣ ሁለታችንም ከስክሪኑ ፊት አልተንቀሳቀስንም። ቁልፉ ተመዘገበ። የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ስሙን፣ ሙቀቱንና 6 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታውን ዘርዝሮ ወጣ። ለምስል የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሁንም በተዋሃደው ግራፊክስ ይነሣሉ፤ ብርቱው እንዲሠራቸው ከተፈለገ በማስነሻው ትእዛዝ ላይ መንገር ያስፈልጋል። ይህን «ሥራን አሳልፎ መስጠት» ኤንቪዲያ ራሱ በሊኑክስ ድራይቨሩ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ኦፕቲመስ ከታወጀ ከ9 ዓመት በኋላ። የንግግር መለያው ግን ስሌት እንጂ ምስል ስላልሆነ በቀጥታ ካርዱን አገኘው። ሌሊት ሙሉ ያላለቀው አንድ ሰዓት ቅጂ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቀ። ቀን ቀን የድሬ ሙቀት ካርዱን ስለሚያዳክመው ሥራውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እናስኬደው ነበር።

መ. ሁለት ቁልፎች

እስካሁን የነገርኳችሁ በደስታ የተፈጸመ ወሬ ይመስላል። የዛሬው ክርክሬ ግን ከዚህ ይጀምራል።

እኔን ያስቸገረኝ ቁልፍ በባለቤቱ እጅ ሊሠራ የሚችል ቁልፍ ነው። ሰነፍኩ፣ አላነበብኩም፣ ቡና አስቀደምኩ፤ ሆኖም መብቱ የእኔ ነበር። ሌላ ዓይነት ቁልፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች ላይ በካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር የኩባንያው ፊርማ ከሌለበት ቁልፍ የሆኑ ተግባራትን ማከናወን አይችልም። ካርዱ ሲነሣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሣል፤ ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርገው በፊርማ የታሰረው ክፍል ነው። የኑቮ ሰዎች እንዴት እንደሚሠራ ቢደርሱበትም፣ ኮዱን አሳምረው ቢጽፉትም፣ ካርዱ ከእነርሱ አይቀበለውም። በዚህ ምክንያት የዚያ ዘመን ካርዶች በነፃው ድራይቨር ላይ በኤሊ ፍጥነት ቀሩ።

በጥገና ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ስብራት ነው የምለው ለዚህ ነው። በድሬዳዋው ወርክሾፕ ዘመን በጠጋኙና በማሽኑ መካከል የቆመው አለማወቅ ነበር፤ አለማወቅ ደግሞ በመለካት፣ በመሞከርና በትዕግሥት ይሸነፋል። ከ2014 ወዲህ ማወቅ ብቻውን አልበቃም። ልኩን አውቀህ ቶርኖ ላይ ያወጣኸውን ዕቃ ሎኮሞቲቩ «የፋብሪካው ማኅተም የለበትም» ብሎ ቢተፋው ማለት ነው።

ለፍትሕ ስል ሌላውን ወገንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ኤንቪዲያ የከርነሉን ሞጁሎች ምንጭ ኮድ በነፃ ፈቃድ አወጣ። ይህ በ2018 ከወጣው የቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ነው። እነዚህ ካርዶች በውስጣቸው የራሳቸው አነስተኛ ማቀነባበሪያ ስላላቸው ብዙው ምስጢር ወደዚያ፣ ወደ ታሸገው ፈርምዌር ተዛውሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣው ከርነል ኑቮም ይህንኑ ፈርምዌር መጠቀም ጀመረ፤ ለእነዚህ ካርዶች የፍጥነቱ ችግር መፈታት ጀመረ። በሩ ተከፍቷል፤ ግምጃ ቤቱ ግን አንድ ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ተቆልፏል። ኩባንያው የንግድ ምስጢሩን መጠበቁን ወንጀል አልለውም። እኔም የታሸገውን ድራይቨር ተጠቅሜ ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ አዛውንቶቹ እየቀደሙኝ ስለሆነ ንጹሕ መፍትሔ እስኪገኝ መጠበቅ አልቻልኩም። ይህን መደበቅ ግብዝነት ይሆንብኛል።

ለእኛ የሚያሳስበኝ በመካከል የቀሩት ናቸው። በ2014 እና በ2018 መካከል የወጡት ካርዶች ዛሬ ርካሽ ናቸው፤ ስለዚህም ወደ እኛ ገበያ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ኩባንያው 580 የሚባለው የሊኑክስ ድራይቨር ቅርንጫፍ እነዚህን ትውልዶች የሚደግፍ የመጨረሻው እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2025 አሳውቋል። የታሸገው ድራይቨር ከአዳዲስ ከርነሎች ጋር መግጠም ሲያቆም፣ ነፃው ደግሞ በፊርማ ስለታሰረ ፍጥነት አይኖረውም። ዕቃው አይሰበርም፤ ይወላልቃል እንጂ። ተማሪዎቻችን በብዙ ወራት ቁጠባ የሚገዙት ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ወላጅ አልባ ካርድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረበት ጊዜ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላችን የራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የእኔ የማስተርስ ጥናት የተጻፈበት ዲስክ ዛሬም አለ፤ የሚያነበው ግን የለም። ከዚህ ጣጣ ያዳነን እ.ኤ.አ. በ1999 ኢትዮጵያዊው ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ መግባቱ ነው፤ ማንም ሊያነበውና ሊሠራበት የሚችል የጋራ ደንብ ሆነ። ዛሬ ይህ ገለጻ በፋኩልቲው ገጽ ላይ ሲለጠፍ የትኛውም ስልክ የሚያነበው በዚያ ግልጽነት ምክንያት ነው።

ባቡራችንንም አስቡት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘመናዊ መሥመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የማስተዳደሩ ሥራ በቻይና ኩባንያዎች እጅ ነበር። የአሮጌው ወርክሾፕ እውቀት ወደ አዲሱ አልተሻገረም፤ ስፋቱ ስለተለያየ ብቻ አይደለም፣ ብዙው በሰዎቹ እጅ እንጂ በወረቀት ላይ ስላልነበረ ጭምር ነው። የአዲሱ ባቡር መቆጣጠሪያ ደግሞ እንደ ላፕቶፔ ሶፍትዌር አለበት።

ሠ. ምን እናድርግ?

የታሪክ መምህር ምክር እንዲሰጥ አይጠበቅበትም፤ ሦስት ነገር ብቻ ብል ግን ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ከመነካካት በፊት መዝገብ እናንብብ። ያች ተማሪ ከእኔ የበለጠችው በብልሃት ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የጻፈውን ለማንበብ ስለታገሠች ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል «ምንጭን መርምር» እያለ ያስተምራል፤ መርማሪው ግን ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነቅሎ ጫነ።

ሁለተኛ፣ ስንገዛ እንጠይቅ። ግለሰብም ሆነ ተቋም ዋጋና ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የካርዱን ትውልድ፣ በነፃው ድራይቨር የሚሠራ መሆኑን፣ ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቅ። የዕቃ ግዥ ሰነድ ላይ የሚጨመር አንድ መሥመር ለብዙ ዓመት ይጠቅማል። የኔትወርክ መቆራረጥ ለሚያውቀን ለእኛ ደግሞ የሠራውን ድራይቨርና ከርነል ቅጂ በፋኩልቲው ማከማቻ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ የጠገንነውን እንጻፍ፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማልኛም። እኔና ተማሪዋ የሠራነውን ከነስሕተቱ በአራት ገጽ ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ አስቀምጠናል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎች በዚያ ጽሑፍ ካርዳቸውን አንቅተዋል፤ አንደኛው እኛ የተሳሳትነውን አንድ ነጥብ አርሞበታል።

በመጨረሻ፣ ማሽኑ የጻፈው ምን ይመስል ነበር? የአማርኛው ረቂቅ ብዙ ስሕተት ነበረበት፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛው ደግሞ ይበልጥ ይብሳል፤ ሦስቱ ሲደባለቁ ጨርሶ ይጠፋበታል። የጣቢያዎቹን ስምና የወርክሾፑን ቃላት ፈጽሞ አያውቃቸውም። ረቂቁን ይዤ ወደ ሁርሶ ሄድኩና ድምፅ አውጥቼ አነበብኩ። ተራኪዎቼ እየሳቁ ያርሙኝ ጀመር፤ አንዱ ቃል ሲታረም ሌላ ታሪክ ይዞ ይመጣል። በእጅ ለብቻዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ አልሰማም ነበር።

ያረፉት አዛውንት ቅጂም ተጽፎ ተጠናቋል። ለልጃቸው ሰጥቻለሁ። ስለ አንድ የተሰበረ ዕቃ የሚተርኩበት ቦታ ላይ ማሽኑ «ቶርኖ» የሚለውን ቃል መለየት አቅቶት ነበር፤ ልጃቸው እስክሪብቶ ተቀብሎኝ በራሱ እጅ ሞላው።

 ጥያቄ ካላችሁ፣ በተለይም ከሁርሶ የመጣችሁ፣ ለመታረም ዝግጁ ነኝ።